አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የተላከችልኝ ልጅ በሁለተኛ ቀኗ አንድ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው ነፃ የሆነ፣ ማሽን የማያከብድ አንቲቫይረስ ጫኑልኝ ብለዋል፤ የቱን ልጫንላቸው?» አለችኝ። ማሽኑ የአንድ ትራንዚተር ነው። ሞጆ ላይ ኮምፒውተር ጠግኖ የሚያድር ሰው እንጀራው ከደረቅ ወደቡ ጋር የተያያዘ ነው፤ የእኔም እንደዚያው። ከመመለሴ በፊት መጀመሪያ ያለውን ቁጠሪ አልኳት። ሦስት ቆጠረች፦ አቫስት፣ ስማዳቭ፣ ዩኤስቢ ዲስክ ሴኩሪቲ። ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የመጣው ዲፌንደር ደግሞ ለእንግዳው ቦታ ለቆ ተኝቷል። ማሽኑ ያለው ራም 4 ጊጋባይት ነው፤ ሃርድ ዲስኩም አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት። ዎርድ እስኪከፈት አንድ ስኒ ቡና ይጠጣል።

«ምንም አትጫኚ። ሦስቱንም አንሺና ዲፌንደሩን ቀስቅሺው» አልኳት።

ቅር አላት። ደንበኛ ገንዘብ የከፈለበት ነገር ስክሪኑ ጥግ ላይ በቀለም ሲታይለት ደስ እንደሚለው በሁለት ቀን ውስጥ ገብቷታል። ኋላ ግን አድርጊ ያልኳትን አደረገች፤ ማሽኑም ሲነሳ የነበረው ጭንቅ ቀረለት። «ታዲያ ይሄ ዲፌንደር መሥራቱን በምን እናውቃለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢካር የሚባለውን የመሞከሪያ ጽሑፍ በኖትፓድ አስጻፍኳት። 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። የአንቲቫይረስ ሠሪዎች ሁሉ ልክ እንደ ቫይረስ ቆጥረው እንዲይዙት የተስማሙበት ነው። ሴቭ ስታደርገው ዲፌንደሩ ወዲያው ነጠቃት። ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም።

የሚከራከረኝ ጎረቤቴ ነው። ከእኔ አራተኛው በር ላይ ይሠራል፤ ከሠላሳዎቹ ዕድሜያችን ጀምሮ ቡና አብረን እንጠጣለን። በአንድ ፍላሽ ላይ «ሙሉ ፓኬጅ» የሚለው አለው፦ ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ አክቲቬተርና ሦስት አንቲቫይረስ። ያንን ሁሉ በአንድ ሰዓት ጭኖ ይሸኛል። «ቤት ሁለት ቁልፍ ቢኖረው ማንን ይጎዳል?» ይለኛል። ቁልፍ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አንቲቫይረስ ግን አይቀመጥም። ፋይል በተከፈተ ቁጥር ይፈትሻል፤ ሁለት ከሆኑ ያንኑ ፋይል ሁለቱም ይይዙታል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ ጥቃት ሊያየው ይችላል። አንድ በር ላይ የቆሙ ሁለት ዘበኞች እርስ በርስ መታወቂያ ሲጠያየቁ እንግዳው ፀሐይ ላይ ይቆማል። የደካማ ላፕቶፕ ክብደት ከዚህ ነው የሚመጣው። «ቀላል አንቲቫይረስ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ «ስንት አለህ?» የምለው ለዚህ ነው።

ጎረቤቴን ግን በአንድ ነገር አልክደውም። ስማዳቭ የመጣው ከኢንዶኔዥያ ነው፤ እንደ እኛ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ከሚዘዋወርበት አገር። ፍላሽ ላይ ያተኮረ፣ ትንሽና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ስለሆነ ለዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የልብ አድርስ ነበር። በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) የወጣው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ ፍላሹ ገና ሲሰካ ራሱን የሚያስነሳ ነበርና፣ ያኔ አንድ ጽሕፈት ቤት የገባ ፍላሽ ማታ ላይ የከተማውን ማሽን ግማሽ ያዳርስ ነበር። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሳበትን መንገድ በ2011 ከዘጋው ወዲህ ግን ጨዋታው ተቀየረ። ዲፌንደርም በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ሙሉ አንቲቫይረስ ሆኖ መጣ። መጀመሪያ ደካማ ነበር፤ ያኔ እኔም አልጠቀምበትም ነበር። ዛሬ የጀርመኑ አንቲቫይረስ መዛኝ ተቋም አቪ ቴስት በመከላከል አቅም ከ6ቱ ነጥብ 6ቱን በተደጋጋሚ ይሰጠዋል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማስታወቂያ አያወጣም፣ «ፈቃድዎ አልቋል» እያለ ሰው አያስደነግጥም።

ነፃ የሚለውም ቃል መመርመር አለበት። አቫስት በነፃ ይሰጠው በነበረው ሶፍትዌር የሰዎችን የኢንተርኔት አጠቃቀም እየሰበሰበ ጃምፕሾት በሚባል ንዑስ ኩባንያው በኩል ይሸጥ እንደነበር በ2020 ተጋለጠ፤ ጃምፕሾት ተዘጋ፤ በ2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገው። ይህን ለትራንዚተሩ ስነግረው «እኔ ምን የሚሸጥ ነገር አለኝ?» አለ። የደንበኞቹን ኢንቮይስ፣ ዲክላራሲዮን፣ የባንክ ወረቀት በዚያ ማሽን ይዞ ነው እንዲህ የሚለው።

ጎረቤቴና እኔ ከልብ የምንጣላው ግን ያልተገዛን ሶፍትዌር እንደተገዛ አድርጎ በሚያስነሳው በአክቲቬተሩ ነው፤ አንባቢ ስለዚህ ጉዳይ ረዘም አድርጌ ብናገር ይታገሠኝ። ክራክ የተደረገ ኦፊስ ለመጫን የመጀመሪያው መመሪያ ምን ይላል? «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ባለሙያ ነኝ የሚለው ሰው በደንበኛው ፊት ዘበኛውን አስወጥቶ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ ያስነሳል፤ ከዚያም ያ ፎልደር ለዘላለም እንዳይፈተሽ ከፍተሻ ውጭ ያደርገዋል። ከዚህ በኋላ ሦስት ቀርቶ አሥር አንቲቫይረስ ቢጫን ሌባው ቁልፍ ተሰጥቶት ውስጥ ተቀምጧል። የይለፍ ቃል የሚለቅሙ ፕሮግራሞች በብዛት የሚራቡት በእንዲህ ዓይነት ፋይሎች ተጠቅልለው ነው። ገንዘብ ለሌለው ደንበኛ ሊብረኦፊስ እጭናለሁ። ነፃ ነው፤ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ይጽፋል። «መልኩ ይለያል» ብለው የሚመለሱ አሉ። ይመለሱ።

ሌላው በር ኢሜይል ነው። ሞጆ ላይ ከውጭ ኢንቮይስ ይዞ የሚመጣ ኢሜይል የየዕለት ሥራ ስለሆነ አጥቂዎቹ ምን ብለው እንደሚልኩ ማሰብ አያስቸግርም። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻውን ደብቆ ያሳያል፤ ስለዚህ በዚፕ የመጣ «ኢንቮይስ ፒዲኤፍ» እውነተኛ ጅራቱ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። እኔ ማሽን ስረከብ አንቲቫይረስ ከማየቴ በፊት የፋይል ጅራት የሚያሳየውን ምልክት አበራለሁ። የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ከየትኛውም ነፃ ሶፍትዌር ይልቅ ብዙ ሰው አድኖልኛል። በ2017 የካናዳው ሲትዝን ላብ ያወጣው ዘገባም አጥቂ በሩን ባለቤቱ ራሱ እንዲከፍትለት እንደሚያታልል ያሳያል። በውጭ ያሉ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎችና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ላይ የተላከው፣ ሳይበርቢት የተባለ ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር በር ሰብሮ አልገባም፤ ቪዲዮ ለማየት «ፍላሽ ፕሌየሩን አድሱ» ብሎ ራሳቸው እንዲከፍቱለት ነበር የጠየቃቸው። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ነገር እንኳ የሰው ጣት አስፈልጎታል።

ስለ አፕዴት አንድ ነገር ልጨምር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሁላችንም አንቲቫይረስ በአንድ ቀን አረጀ። እኔ ጋ የመጡት የታመሙ ማሽኖች ግን የሁሉም ሰው አልነበሩም፤ ያገኙትን ፍላሽ ሁሉ የሚሰኩ ሰዎች ማሽኖች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የዲፌንደርን የአፕዴት ፋይል ከማይክሮሶፍት በየሳምንቱ አወርዳለሁ። ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው፤ በአንድ ንጹሕ ፍላሽ ይዤ ኢንተርኔት ለማይደርሳቸው መሥሪያ ቤቶች በእግሬ አደርሳለሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቢያበቃም፣ ማይክሮሶፍት የዲፌንደሩን የቫይረስ መረጃ በእሱ ላይ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚያድስ አሳውቋል። ይህ ማለት ግን የዊንዶውሱ ሌላ ቀዳዳ ይደፈናል ማለት አይደለም፤ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ይሻገር፤ የማይችል ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ይጫንበት።

ደግሞ ቫይረስ ያልሆነውን ቫይረስ አንበል። የሞጆ ሙቀትና የከባድ መኪና አቧራ የላፕቶፕ ማራገቢያ ሲደፍነው ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይዘገያል። «ቫይረስ ያዘው» ተብለው ከሚመጡልኝ ብዙዎቹን የማድናቸው በብሩሽና በቴርማል ፔስት ነው።

ልጅቷ በሦስተኛው ሳምንቷ፣ «ጋሼ፣ ፍላሽ ሲመጣ ለምን ቶሎ ፎርማት አናደርገውም? እዚያ ማዶ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት» አለችኝ። መልሱን ለመንገር ሱቁን ወደከፈትኩበት ዓመት መመለስ ነበረብኝ።

ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው። በባቡር ጣቢያው በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት በጨርቅ የተጠቀለለ ፍላሽ ይዘው መጡ። ባላቸው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። ፍላሹን ስከፍት ፎልደር የሚመስሉ ሾርትከቶች ብቻ ታዩኝ። እኔም «እትዬ፣ ይሄ ቫይረስ ነው፤ አጸዳልዎታለሁ» ብዬ ፎርማት አደረግሁት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ንጹሕ አድርጌ ስሰጣቸው «ፎቶዎቹስ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ያኔ የማላውቀው፣ ዛሬ ማንም የሞያ ባልደረባዬ የሚያውቀው ነገር ነበር። ያ ቫይረስ ፋይል አያጠፋም። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁሉንም ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። ሾርትከቱን ስትነካው ቫይረሱን ያስነሳና ፎልደሩንም ይከፍትልሃል፤ ስለዚህ ምንም የተለየ ነገር አይታይህም። ፍላሹ ባዶ ቢመስልም የተያዘውን ቦታ ስታይ እንደነበረው ነው። ንጹሕ በሆነ ማሽን ላይ የተደበቀን ፋይል በሚገልጠው በአንድ የአትሪብ ትእዛዝ ሁሉም ይመለሳል። እኔ ግን ያጠፋሁት ቫይረሱን ሳይሆን የሰውዬውን ፎቶ ነበር። በፋይል መመለሻ ሶፍትዌር ሦስት ቀን ሞከርኩ። የተገኘው አብዛኛው ከግማሽ በታች ግራጫ የሆነ ምስል ነው፤ አንዱ ላይ የመኪናው መስኮትና የሰውዬው ግንባር ይታያል። እትዬ ያንን አሳትመውልኝ ብለው ሊከፍሉኝ ቦርሳቸውን ከፈቱ። አልተቀበልኳቸውም። ሲወጡ መረቁኝ።

ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በፊት ይህ ሥራ ለእኔ ማሽን መጠገን ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንንም ፍላሽ «ውስጡ ምን አለ?» ብዬ ሳልጠይቅ፣ ያለውንም ወደ ሌላ ቦታ ሳልገለብጥ ነክቼ አላውቅም። ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ ምንም አላለችም። በማግስቱ ግን የገባ ፍላሽ ሁሉ የባለቤቱ ስምና የተያዘው ቦታ መጠን የሚመዘገብበት ደብተር ከፍታ አገኘኋት። ዛሬም በዚያ ደብተር ነው የምንሠራው።

ይህን ያነበባችሁ ፍላሻችሁ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ቢታያችሁ፣ ማንም ፎርማት እንዲያደርግባችሁ አትፍቀዱ። ፋይሉ እዚያው ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ውሰዱት።