ፀሐይ በስንት ፊደል ትጻፋለች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። በቅርቡ የአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሹሟል። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ወደ ጉዳዩ ገባ። «ሲስተር፣ ለማሻሻያ ሥራ የተያዘ ገንዘብ አለኝ። ዘንድሮ አንድ የሚታይ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር ይላሉ?»

«ካርድ ክፍል ገብተህ ሦስት ቀን ተቀመጥ» አልኩት።

ጥያቄው ያልገባኝ መስሎት ደገመልኝ። እኔም መልሴን ደገምኩለት።

እሱ ያሰበው ወረቀትን ጨርሶ ከግቢው ማስወጣት ነው። ሐኪሙ ታብሌት ይይዛል፣ ቀጠሮ በስልክ ይላካል፣ እሱ ደግሞ ቢሮው ሆኖ የየክፍሉን ሥራ በስክሪን ያያል። በእኔ ጊዜ ሆስፒታል የሚመራው በአብዛኛው ሐኪም ነበር፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ከጀመረ ወዲህ ግን መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ይህም ልጅ በሙያው የተማረና ቅን ነው። ክርክራችን እስኪመሽ ቆየ። ከሄደ በኋላም እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ሜትሮን ሆኜ በሠራሁበት ሆስፒታል የካርድ መስኮቱ ሰልፍ ከንጋት በፊት ይጀምራል፤ ረፋድ ላይ አጥር ጥግ ይደርሳል። ሐኪሞቹ «ካርድ አልመጣልንም» ብለው ይቀመጣሉ፤ ሕመምተኛው ደግሞ እነሱን ይጠብቃል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረግሁት ነገር ቢኖር በየሳምንቱ ስብሰባ የካርድ ክፍል ሠራተኞችን መቆጣት ነው። መምራት ማለት ያ ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን ግን ከመስኮቱ ወዲያ ገብቼ አላየሁም።

ያስገባችኝ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ናት። ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ነበረባት፤ በየአራት ሳምንቱ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለባት። እናቷ ከገጠር ያለማቋረጥ ታመጣት ነበር። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት፣ እግሯ አብጦ፣ በቃሬዛ መጣች። መርፌውን ከተወጋች ብዙ ወራት አልፈዋል። በቁጣ እናቷን ጠየቅኳት፤ እናቷም በየቀጠሮው መምጣታቸውን ምላ ነገረችኝ። ልክ ነበረች። የቀጠሮ ወረቀቷ ዝናብ ሲያበሰብሰው ካርዷ ታጣና አዲስ ካርድ ወጣላት። በአዲሱ ካርድ ያያት ሐኪም አዲስ ሕመምተኛ መስላው የሳል መድኃኒት አዞ ሸኛት። ይህ ሁለት ጊዜ ሆኗል።

በማግሥቱ እየተንጨረጨርኩ ወደ ካርድ ክፍል ወረድኩ። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ የካርድ ሠራተኛ ቀድመውኝ ፈልገው ኖሮ ሦስት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ቆዩኝ። የሦስቱም ባለቤት ያቺው ልጅ፣ ፀሐይ ናት። አንዱ ላይ ስሟ በፀሐዩ «ፀ» ተጽፏል፣ ሁለተኛው ላይ በጸሎቱ «ጸ»። ሦስተኛው ላይ «ፀ»ው ተመልሶ «ሐ»ው ወደ «ሀ» ተቀይሯል። «ሲስተር፣ ይቀመጡና ሥራውን ይዩት» አሉኝ። በርጩማ ሳቡልኝ። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ።

እስቲ ሒሳቡን ሥሩት። ጸ እና ፀ ሁለት ናቸው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም በአፋችን አንድ ድምፅ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ የሚለው ስም በ12 መንገድ ይጻፋል። የአባቷ ስም ኃይሉ ከሆነ 12 በ6 ይባዛል፤ 72 ይሆናል። አንዲት ሴት 72 ቦታ ልትቀመጥ ትችላለች ማለት ነው። የስም ማውጫ ሳጥናችን ደግሞ በሆሄ ተራ የተደረደረ ስለሆነ «ሀ» ፊት ነው፣ «ኀ» መሐል ነው፣ በመካከላቸው ስንት ክንድ ወረቀት አለ! ጠዋት ስሟን የጻፈው ሠራተኛና ከወር በኋላ የሚፈልገው ሠራተኛ አንድ ሰው ካልሆኑ ማን ያገናኛቸዋል? በዚህ ላይ ሰው የክርስትና ስሙን የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ አስታማሚ በቤት ስሟ የሚያስመዘግባት አለች፤ የትውልድ ዓመትም በእኛ ይሁን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ካልተለየ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያመጣና አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል።

ጋሼ ይህን ሁሉ በጭንቅላታቸው ነበር የያዙት። አንድ ስም ሲነገራቸው አምስት ቦታ ሄደው ያያሉ። ሌሎቹ አንድ ቦታ አይተው «የለም» ይላሉ። «የለም» ሲባል አዲስ ካርድ ይወጣል። የእኛ ሰልፍ፣ የሐኪሞቹ ብሶት፣ የዚያች ልጅ ትንፋሽ ሁሉ ከዚያ «የለም» የሚነሳ ነበር።

ያደረግነው ትልቅ ነገር አልነበረም። ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ ሳጥን አስገባን፤ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር አጋባን። ግእዝ የሚያውቁ ወዳጆቼ በዚህ አዝነውብኛል። ፀሐይ የራሷ ትክክለኛ አጻጻፍ እንዳላት እኔም አላጣሁትም፣ ስጽፍም እጠነቀቅላታለሁ። ታሞ መስኮት ሥር የቆመ ሰው ግን ስሙን እንጂ ሆሄውን ይዞ አይመጣም።

ሁለተኛው የመደርደሪያው ጉዳይ ነው። ካርዶቹ ከ1 ጀምሮ በተራ ስለተቀመጡ አዲሶቹ ሁሉ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ ተከማችተው ጠዋት አራት ሠራተኛ እዚያው ሥር ይጋፋ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ደረደርናቸው። 048231 ወደ 31 ይሄዳል፣ 048232 ወደ 32፤ ከ00 እስከ 99 መቶ ክፍል ሆነ። አዲሱም አሮጌውም በመቶው ላይ ይበተናል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱ ሃያ አምስት ክፍል አለው፣ የጠፋ ካርድ ቢኖር ማን ዘንድ እንደጠፋ ይታወቃል። ሥራውን በሁለት ቅዳሜና እሁድ ጨረስነው፤ ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ካርድ ተሸክመዋል።

በ2002 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለሕክምና መዝገብ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ ለአንድ ሕመምተኛ አንድ ቁጥርና አንድ ካርድ፣ ካርድ ከመደርደሪያ ሲወጣ የት እንደሄደ የሚያሳይ ትሬሰር ካርድ በቦታው። ደስ ብሎኝ ያነበብኩት መመሪያ ነው። የሚያንገበግበኝ አፈጻጸሙ ነው። ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ሌላ ሆስፒታል ትሬሰር ካርዱ ታትሞ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንዲታይ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አግኝቼዋለሁ። የተቆጣጣሪው መጠይቅ ላይ «አለ» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። አለ፤ እውነት ነው።

የወጣቱ ሶፍትዌርም የሚያሰጋኝ በዚህ ነው። ኮምፒውተሩ በሰው ስንፍና ፋንታ ፍጥነት ያመጣል፤ «የለም» ማለቱንም ያፈጥነዋል። ስም በላቲን ፊደል ሲገባማ ይብሳል፤ «ፀ»ን አንዱ በቲ ኤስ፣ ሌላው በቲ ዜድ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፋታል። «ስትገዛ አንድ ነገር ጠይቃቸው» አልኩት፤ «ፀሐይን በአንድ አጻጻፍ ስፈልግ አሥራ ሁለቱንም ያወጣልኛል ወይ በላቸው።» ማስታወሻው ላይ ሲጽፈው ደስ አለኝ።

የነርስ ተማሪ ሳለሁ ስለ ዘመናዊ ነርስነት መሥራቿ ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተነገረን መብራት ይዛ በሌሊት ዎርድ መዞሯ ነው። በፈረንጆቹ 1860 ለንደን በተደረገው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ሆስፒታሎች መዝገባቸውን በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲይዙ ሐሳቧ መቅረቡን ያወቅሁት ግን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብነገረኝ ኖሮ ከመስኮቱ ወዲያ ለመግባት ሁለት ዓመት አይፈጅብኝም ነበር እላለሁ።

ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሽሏት ወጣች። እኔ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ መርፌዋ አልተቋረጠም፤ በየወሩ ቁጥሯን ራሴ አይ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 07 ናቸው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የዚያ ዓመት ግምገማ ላይ የካርድ ክፍሉ ለውጥ በእኔ ስም ቀረበ፤ የምስክር ወረቀቱን ተቀበልኩ፣ ተጨበጨበልኝ። ጋሼ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አብረው አጨበጨቡ። ተነሥቼ «የእሳቸው ነው» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። በየስብሰባው እጮህ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ የማፍርበት ያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በመራሁበት ቦታ ሁሉ ሪፖርት ከመላኬ በፊት ሥራውን የሠራው ሰው ስሙን ራሱ እንዲጽፍበት አደርጋለሁ። አንዳንዶቹ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው የሚጽፉት።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ዕለት ቢሮዬ መጥተው ባለ 50 ሉክ ደብተር ሰጡኝ። በዓመታት ውስጥ ያጋጠማቸው ስም ሁሉ አለበት፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የተጻፈበት መንገድ ሁሉ ተዘርዝሯል። ፀሐይ ብቻዋን አንድ ገጽ ይዛለች። «እርስዎም ቢሄዱ ለሚቀጥለው ይድረስ» አሉኝ።

ወጣቱ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ካርድ ክፍሉ እንደሚገባ ደውሎ ነግሮኛል። አብሬው እቀመጣለሁ። ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አስደርጌለታለሁ፤ ዋናው ግን እኔ ዘንድ ይቆያል።