ስለ ተጋጣሚ ምርጫ

በቡጢ መድረክ ዙሪያ ተቀምጠው ከሚፈርዱ ሰዎች አፍ ከሚወጣው ነቀፋ ሁሉ፣ በተለይም በከባድ ሚዛን ግጥሚያ ላይ፣ አዘውትሮ የሚሰማው «እገሌ እገሌን ፈርቶ ሸሸው» የሚለው ነው፤ ይህም ነቀፋ አንድ ጊዜ ከተነገረ ዘንድ ቦክሰኛው ጓንቱን ሰቅሎ፣ ሸምግሎ፣ ከዚህም ዓለም በሞት ተለይቶ እንኳ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። እኔ ዕድሜዬን በወጣቶች እጅ ላይ ፋሻ ስጠመጥም፣ በመድረኩ ማዕዘንም ውሃና ፎጣ ይዤ ስቆም ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ነገሩ ከማዕዘኑ ሲታይ ምን እንደሚመስል መናገር ይገባኛል ብዬ አስባለሁ። ተጋጣሚን መምረጥ የሙያችን አንድ ክፍል ነው፤ ነውርም የለበትም። ይሁን እንጂ ወሰን አለው፤ ወሰኑም አክሊሉ ነው። የሻምፒዮንነትን አክሊል ገና ያልደፋ ቦክሰኛ መምህሩ ይመርጥለታል፤ አክሊሉን ከደፋባት ሰዓት ጀምሮ ግን የምርጫው ዘመን አብቅቶ የዕዳው ዘመን ይገባል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀማሪ ልጅን በመጀመሪያ የማጋጥመው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከሚመጣ፣ ክንዱ አጭር፣ ኃይሉም መካከለኛ ከሆነ ሰው ጋር ነው፤ ከእርሱ ርቀትን መለካት ይማራል። ቀጥሎ ክንደ ረጅሙን፣ ከዚያም እያፈገፈገ የሚመታውን አመጣለታለሁ። ግራኙን ግን አቆየዋለሁ። ግራ እጁን አስቀድሞ የሚቆም ልጅ ከግራኝ ጋር ሲገጥም የሁለቱ የፊት እግሮች በአንድ መሥመር ላይ ይገናኙና ይረጋገጣሉ፤ የልጁ ጃብ፣ ማለት በፊት እጁ ቀጥታ የሚልከው ቡጢ፣ ከግራኙ ቀኝ እጅ ጋር እየተጋጨ መንገዱ ይዘጋበታል፤ ያላየው የግራኙ ግራ ቡጢ ግን ከኋላ ተነሥቶ በቀጥታ አገጩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ልጁ ግራ እግሩን ከግራኙ ቀኝ እግር በስተ ውጭ ማሳረፍ እስኪለምድ ድረስ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሬ፣ እጁን እንኳ ሳያነሣ፣ በዚያ መሥመር ላይ ሳመላልሰው እከርማለሁ። በዚህ መካከል ከሌላ ክለብ የግራኝ ግጥሚያ ቢቀርብልኝ እምቢ እላለሁ፤ ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ቆሎ የሚያቀርብ ወላጅ የለምና።

በዚህ የመምረጥ ጥበብ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው የኒውዮርኩ መምህር ከስ ዳማቶ ነው። ደቀ መዝሙሩ ፍሎይድ ፓተርሰን በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በመካከለኛ ሚዛን ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ በ1956 አርቺ ሙርን በዝረራ አሸንፎ ገና በ21 ዓመቱ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ፣ ከእርሱ በፊት በዚያ ዕድሜ ይህን አክሊል የደፋ ሰው አልነበረም። ዳማቶ ግን ልጁ ነግሦም ሳለ እንደ ጀማሪ ይመርጥለት ነበር። በ1957 በሲያትል ያቀረበለት ፒት ራደማከር፣ በሜልበርን ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ጎበዝ ቢሆንም፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ግጥሚያ ከዚያ ዕለት በፊት አንድም ጊዜ ያላደረገ ሰው ነበረ፤ እርሱም በሁለተኛው ዙር ሻምፒዮኑን መሬት ካስነካው በኋላ በስድስተኛው ተዘረረ። በዚያው ዘመን ሶኒ ሊስተን የሚባል፣ በወህኒ ቤት ቡጢ የተማረ ብርቱ ሰው በፊቱ የቆመውን ሁሉ እያነጠፈ ይመጣ ነበር። ዳማቶ ከእርሱ ጋር አላጋጥምም ሲል የሚሰጠው ምክንያት በሊስተን ጀርባ የወንበዴ ማኅበር ሰዎች አሉ የሚል ነበር፤ ይህም እውነት ነበረ። ነገር ግን ማንም አሠልጣኝ የሁለቱን አቋቋም አይቶ ሌላውን ምክንያት ሳይነገረው ያውቀዋል።

ፓተርሰን ሁለቱን ጓንቶች ከጉንጮቹ አስጠግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይቀርብና ድንገት ዘሎ በግራ ሁክ፣ ማለት ክንድ ታጥፎ ከጎን በሚመጣ ቡጢ፣ የሚመታ ፈጣን ሰው ነበር፤ ሊስተን ደግሞ ክንዶቹ ሲዘረጉ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱ፣ ጃቡ እንደ ሌላው ሰው ቀኝ ቡጢ የሚከብድ፣ በሚዛንም ከፓተርሰን ከ10 ኪሎ በላይ የሚበልጥ ነበረ። ዘሎ የሚገባ ሰው እግሩ መሬት ለቆ ሳለ መሸሻም መመከቻም የለውም፤ በዚያች ቅጽበት ከባድ ጃብ ያገኘው እንደ ሆነ የራሱ የዝላይ ኃይል በምቱ ላይ ይጨመርበታል። መምህሩ በሙያ ረገድ ያየው ትክክል ነበር፤ በሥርዓት ረገድ ግን አክሊሉ በልጁ ራስ ላይ ሳለ ሊስተንን ደጅ ማስጠናቱ አልተገባውም። ይህን ከመምህሩ ይልቅ ደቀ መዝሙሩ ተረዳው፤ የዳማቶን ምክር አልፎ ግጥሚያውን ተቀበለ። በሴፕቴምበር 25 ቀን 1962 በቺካጎ ነገሩ ሁሉ በ2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ አለቀ፤ ፓተርሰንም አስቀድሞ አዘጋጅቶት በነበረው ሰው ሠራሽ ጢም ፊቱን ሸፍኖ በሌሊት ከከተማው ወጣ። ብዙዎች ይህን የጢሙን ነገር በመሳለቅ ያነሡታል፤ እኔ ግን በትልቅ አክብሮት አስበዋለሁ። ሽንፈትን እስከዚህ የሚፈራ፣ ለኀፍረቱም ቀን ጢም ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው፣ ፍርሃቱን እንደ ተሸከመ ወደ መድረኩ ወጥቶአልና! ዓመት ሳይሞላውም እንደ ገና ከሊስተን ጋር በላስ ቬጋስ ገጥሞ በ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ተሸነፈ። ፈሪ እያሉ የሚነቅፉ ሰዎች ፍርሃትንና ሽሽትን አንድ ያደርጓቸዋል፤ በማዕዘን ለሚቆም ሰው ግን ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ያልፈራ ቦክሰኛ አይቼ አላውቅምና።

የሸሸው ማን እንደ ሆነ መለየትም ቀላል አይደለም። ጃክ ዴምፕሲ በ1919 ግዙፉን ጄስ ዊላርድን ቀጥቅጦ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ የአክሊሉ ተገቢ ተፎካካሪ ጥቁሩ ሃሪ ዊልስ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ውል ተፈረመ፤ ፈረሰ፤ በ1925 እንደ ገና ተፈረመና ለዴምፕሲ የተገባለት ገንዘብ ባለመከፈሉ ቀረ። ከበስተጀርባ የነበረው ታላቁ የግጥሚያ አዘጋጅ ቴክስ ሪካርድ፣ በ1910 ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን በሬኖ ነጩን ጄፍሪስን ሲያሸንፍ በአሜሪካ ከተሞች የፈሰሰውን ደም ያየ ሰው ስለ ነበረ፣ ጥቁርና ነጭ ለዚህ አክሊል ዳግመኛ እንዲጋጠሙ አልፈለገም። ዴምፕሲ ራሱ በ1923 ሉዊስ ፊርፖ መትቶ ከገመድ ውጭ ሲጥለው ተመልሶ ወጥቶ በሚቀጥለው ዙር የዘረረ ሰው ነውና፣ ልቡ ፈሪ ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም። ይህም ሆኖ አክሊሉ የሪካርድ ሳይሆን የእርሱ ነበረ። ከፊርፖ በኋላ 3 ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይከላከልለት ቆየ፤ የኒውዮርክ የቡጢ ኮሚሽን ከዊልስ ጋር ይጋጠም ብሎ በጸና ጊዜ ዴምፕሲ ከጂን ተኒ ጋር የሚያደርገው ግጥሚያ ወደ ፊላዴልፊያ ተወሰደና፣ በ1926 ከ120 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት አክሊሉን ለተኒ አስረከበ። ዊልስ ያን ጊዜ ዕድሜው ከ35 አልፎ ነበር። ስለዚህ ሰው የማልረሳው ነገር በየዓመቱ አንድ ወር ውሃ ብቻ እየጠጣ የመጾም ልማዱ ነው፤ በጾም ያደገ አንባቢ ትዕግሥቱ ከወዴት እንደ ነበረ ሊገምት ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የጃክ ጆንሰን ታሪክ ነው። ጆንሰን ሻምፒዮኑን ቶሚ በርንስን ከአገር አገር እየተከተለ፣ በሩን እያንኳኳ፣ በመጨረሻ በ1908 በሲድኒ አግኝቶ ድል ነሥቶ፣ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በደጅ መቆም ምን እንደሚያስመርር ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን እርሱም ከነገሠ በኋላ በሩን በወንድሞቹ ላይ ዘጋ፤ ከሁሉ በላይ በሳም ላንግፎርድ ላይ። ላንግፎርድ የካናዳ ተወላጅ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ብቻ የሆነ፣ ግን ትከሻው የሰፋና ክንዱ የረዘመ ሰው ነበር። ጆንሰን በ1906፣ ላንግፎርድ ገና በሚዛን እጅግ ቀላል ሳለ፣ በ15 ዙር በነጥብ አሸንፎታል፤ ላንግፎርድ ከጎለመሰና ከከበደ ወዲህ ግን ዳግመኛ ሊያገኘው አልፈቀደም። ሁለት ጥቁሮች ቢጋጠሙ ተመልካች አይመጣም የሚለው ምክንያት በንግድ ሚዛን እውነትነት ነበረው። ስለዚህ በሩ የተዘጋባቸው እርስ በርሳቸው ሲደባደቡ ኖሩ፤ ላንግፎርድ ከሃሪ ዊልስ ጋር ብቻ ከ15 ጊዜ በላይ ገጠመ። ከአንድ ሰው ጋር ይህን ያህል ጊዜ መጋጠም በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን አሠልጣኝ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ የሌላውን ተንኮል ሁሉ ስላጠና በዘዴ የሚድንበት መንገድ ይጠብና የሚቀረው ምት መቀበል ይሆናል። ላንግፎርድ የዓይኑን ብርሃን አጣ። በ1944 አል ሌኒ የተባለ ጋዜጠኛ ፈልጎ ሲያገኘው፣ በሃርለም በአንዲት ጨለማ ክፍል ውስጥ ድኻና ዕውር ሆኖ ተቀምጦ ነበር።

በእኛም አገር ታሪክ አጠገብ ያለፈ አንድ ግጥሚያ አለ። ፕሪሞ ካርኔራ የተባለው ግዙፍ ኢጣሊያዊ፣ ብዙዎቹ ግጥሚያዎቹ አስቀድመው የተመከረባቸው እንደ ነበሩ በሰፊው ይታመናል፤ ምርጫ ከሙያ ወጥቶ ወደ ሐሰት ሲሻገር ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው የእርሱን ታሪክ ይመልከት። በጁን 25 ቀን 1935፣ የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ሊወር በሚዘጋጅበት ወቅት፣ ወጣቱ ጆ ሉዊስ በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም በ30 ኪሎ ገደማ የሚበልጠውን ይህን ሰው በስድስተኛው ዙር ባሸነፈው ጊዜ፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የኢጣሊያ አድርገው አይተውት ነበር። ሉዊስ ወደ አክሊሉ የደረሰበት መንገድ ግን ተገቢውን ተፎካካሪ ደጅ ከማስቀረት ነገር ንጹሕ አልነበረም። በ1936 እርሱን በዝረራ ያሸነፈው ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ከሻምፒዮኑ ብራዶክ ጋር ሊገጥም ተዋውሎ ሳለ፣ የብራዶክ ወገኖች የተሻለ ገንዘብ ወዳለበት ወደ ሉዊስ ዞሩ፤ ሽሜሊንግ በተቀጠረበት ቀን መጥቶ ተጋጣሚ ሳይኖረው ብቻውን ሚዛን ላይ ወጣ። ሉዊስ በ1937 ብራዶክን አሸንፎ ነገሠ፤ ነገር ግን ሽሜሊንግን ሳያገኝ ንግሥናውን ሙሉ አድርጎ አልቈጠረውም፤ በዓመቱም በ2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ያን ዕዳ ከፈለ። ከነገሠ ጀምሮ አክሊሉን እስኪተው ድረስ በድምሩ 25 ጊዜ ተከላከለለት። ከእነዚያ ተጋጣሚዎች ደካሞች እንደ ነበሩባቸው የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ የምጠይቀው ግን ማን ደጅ ቀረ ብዬ ነው።

አስቸጋሪ ተጋጣሚን መሸሽ ለእኛ ለሙያው ሰዎች የሚያስከትለው ጉዳት ሌላ ነው፤ ትምህርት ያሳጣናል። ኤዲ ፉች የተባለው መምህር መሐመድ አሊ አፐርከት፣ ማለት ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ቡጢ፣ ሲወረውር ቀኝ እጁን ዝቅ እንደሚያደርግ አስተዋለና፣ ያን ጊዜ ግራ ሁክ እንዲልክ ጆ ፍሬዘርን አስተማረው፤ ኬን ኖርተንን ደግሞ አሊ ጃብ ሲወረውር እርሱም አብሮ እንዲወረውር አስተማረው። በ1971 ፍሬዘር አሊን በ15ኛው ዙር በዚያው ግራ ሁክ ጣለው፤ በ1973 ኖርተን መንጋጋውን ሰበረው። አሊ ከሁለቱም ጋር ሦስት ሦስት ጊዜ ገጠመ። ጉድለቱን ከሚያውቁበት ሰዎች ዘንድ ተመላልሶ ስለ ሄደ፣ እኛ በፊልም እያየን ጉድለትም እርማትም እንማርበታለን።

ይኸው ፉች በስተርጅናው ሪዲክ ቦውን ያሠለጥን ነበር። ቦው በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ፍጻሜ በሌኖክስ ሉዊስ በሁለተኛው ዙር ተሸንፎአል፤ በ1992 ሆሊፊልድን አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ተረኛው ባለመብት ሉዊስ ነበረ። የገንዘቡ ድርድር አልሰመረም፤ ቦውም ለንደን ላይ በጋዜጠኞች ፊት ከሻምፒዮንነት ቀበቶዎቹ አንዱን ከቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረው፤ ቀበቶውም ለሉዊስ ተሰጠ። ቀበቶ የሚሰጡ ድርጅቶች አራት ከሆኑ ወዲህ ሁሉም የየራሱን ይዞ መቀመጥ ስለሚችል፣ ሉዊስ በ1999 ከጠቀለለው በኋላ እስከ 2024፣ ኦሌክሳንደር ኡሲክ ታይሰን ፉሪን በሪያድ እስካሸነፈበት ቀን ድረስ፣ በከባድ ሚዛን አንድ ብቸኛ ሻምፒዮን አልታየም። ቦውና ሉዊስ በሙያቸው ዘመን ከቶ ሳይጋጠሙ ጓንታቸውን ሰቀሉ። ቦው ለቁመቱ በማይጠበቅ ጥበብ ከተጋጣሚው ደረት ተጠግቶ በአፐርከት የሚዋጋ፣ ሉዊስም በረጅም ጃብ ሰውን ከሩቅ አቁሞ ቀኙን የሚያወርድ ነበርና፣ ፉች ለዚያ ጃብ ምን አዘጋጅቶ እንደ ነበር፣ ሉዊስስ ቦው አንድ ጊዜ ከክንዱ ውስጥ ከገባበት በምን ያስወጣው እንደ ነበር፣ ረጃጅም ልጆችን የምናሠለጥን ሁሉ ልናየው ይገባን ነበር። ያለን የሴኡሉ የሁለት ዙር ፊልም ብቻ ነው፤ እርሱም የሁለት አማተር ወጣቶች ግጥሚያ ነው።