የጉዞ መጻሕፍትና የመንገድ ጥቃቅን ነገሮች

ሰው ከሩቅ መንገድ ሲመለስ ሁለት ዓይነት ወሬ ይዞ ይመለሳል። አንደኛውን ለአለቃው ወይም ለላከው ሰው ይነግራል፤ ሁለተኛውን ግን ማታ ጫማውን አውልቆ፣ ቡና ቀርቦለት፣ ከቤተ ሰቡ ጋር በተቀመጠ ጊዜ ያወራዋል። በመጀመሪያው ወሬ ውስጥ የከተማው ስም፣ የሕዝቡ ብዛት፣ የተቀበለው ሹም ማዕርግና የተመረቀው ሕንፃ ይገኛሉ። በሁለተኛው ውስጥ በቅሎዋ ወንዝ ዳር ደርሳ እንዴት እንደ ለገመች፣ ዝናብ የመታውን እንግዳ የቤቱ እመቤት እንዴት አድርጋ እንደ ተቀበለችው፣ መንገድ የጠየቁት ሽማግሌ ምን ብሎ እንደ ቀለደ ይሰማል። ከ20 ዓመት በኋላ ሰውየው ቢጠየቅ የመጀመሪያውን ወሬ ረስቶታል፤ ሁለተኛውን ግን ልጆቹ ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፣ የጉዞ መጻሕፍት፣ ይልቁንም በአማርኛ የተጻፉት፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ወሬዎች የትኛውን እንደ ያዙልን ነው። ለመመዛዘን እንዲመቸን ነገሩን ከውጭ አገር ሰው መጽሐፍ፣ ዳሩ ግን ከራሳችን ምድር እንጀምር።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ጉዞውን የተረከበት ባለ 5 ቅጽ መጽሐፍ በኤዲንብራ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1790፣ ማለት ነገሩ ከሆነ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ይህን የሚያህል መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ከሁሉ በላይ ይመካበት የነበረው፣ የዓባይን ምንጭ በማየት ከአውሮፓውያን ሁሉ የቀደምሁ እኔ ነኝ በማለት ነበር። ይህ ትልቁ ነገር ግን አልጸናለትም። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበረው እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ያንኑ ምንጭ አይቶ ነበር። ብሩስ ይህን ለማስተባበል ብዙ ቀለም አፍስሷል፤ የሚያምነው ግን አላገኘም። ከዚህም በቀር ከሁለቱ የዓባይ ወንዞች ረጅሙ ነጭ ዓባይ መሆኑ ኋላ ታውቋል። እንግዲህ ሰውየው የተመካበት ነገር ሁሉ ከእጁ ወጥቷል ማለት ነው።

ታዲያ መጽሐፉን ዛሬ የሚያነብ ሰው ምን ያገኛል? ወልዶ የተባለውን መንገድ መሪ ያገኛል። ወልዶ ግሽ ሊደርሱ ሲሉ አመመኝ፣ እግሬም አልሄድ አለኝ እያለ ያነክሳል፤ ልቡ ግን ያለው ብሩስ በወገቡ ከታጠቀው ቀይ የሐር መቀነት ላይ ነው። መቀነቱ ሲሰጠው ሕመሙም አብሮ ለቀቀው፤ ምንጩንም አሳየ። ያገሩ ሰው ምንጩን ስለሚያከብረው በጫማ መሄድ እንደማይገባ በተነገረው ጊዜ፣ ብሩስ ጫማውን ወርውሮ ቁልቁለቱን በሩጫ ተያያዘው፤ በአበባው ሥር እየተደናቀፈም ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። ከዚያም በኮኮነት ቅርፊት ከምንጩ ውኃ ቀድቶ፣ የእንግሊዝን ንጉሥ ስም እየጠራ ጠጣ፤ ስትራቴስ የሚባለውንም የግሪክ ሰው ና አብረን እንጠጣ አለው። ያን ያህል ዘመን የለፋበትን ክብር ታሪክ ሲነሣው፣ መቀነቱን፣ በባዶ እግር የሮጠበትን ቁልቁለትና የኮኮነቱን ዋንጫ ግን የነሣው የለም። እኛም የብሩስን መጽሐፍ ከመደርደሪያ የምናወርደው ስለ እነዚህ ስንል ነው።

ነገር ግን ብሩስን ስናመሰግን አንድ ነገር ደብቀን ልናልፍ አንችልም። በዚያን ቀን በግሽ አንድ ሌላ ሰው ነበረ። እሱም ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለው ጣልያናዊ ሠዓሊ ነው። በባሉጋኒ እጅ የተጻፈ የመንገዱ ማስታወሻ እስከ ዛሬ አለ፤ የሞተውም ከግሽ ከተመለሱ በኋላ በጎንደር ነው። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ባሉጋኒን ከጉዞው አስቀድሞ እንደ ሞተ አድርጎ ጽፎታል። እንዲህ ያደረገበትን ምክንያት መገመት አያስቸግርም። ወልዶና ስትራቴስ ክብሩን የሚሻሙት ሰዎች አልነበሩም፤ ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጣቸው። ሠዓሊው ግን የተማረ አውሮፓዊ ስለ ነበረ የምንጩን ክብር ሊካፈለው ይችል ነበርና ሰረዘው። የኮኮነቱን ዋንጫ አስታውሶ፣ አብሮት የቆመውን ሰው መርሳት! የጉዞ ትዝታ ጣፋጭ እንደ ሆነ ሁሉ እንዲህ ያለ ግፍም ሊሸሸግበት ይችላል፤ ሐያሲም ይህን ማየት አለበት።

ትንሹ ነገር ብቻውን፣ ያለ ታላቅ ዓላማ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል ወይ ለሚሉን አንባቢዎች ደግሞ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን እንጠራላቸዋለን። ይህ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1878 በደቡብ ፈረንሳይ በሴቬን ተራሮች 12 ቀን በእግሩ ተጓዘ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ያገኘው አዲስ አገር የለም፤ የተቀበለውም ሹም የለም። ያለችው ጓዙን የምትሸከም ሞዴስቲን የምትባል አህያ ብቻ ናት። ዋጋዋን ሳይቀር ይነግረናል፤ 65 ፍራንክና አንድ ብርጭቆ አረቄ ነው። አህያይቱ አልሄድ ስትለው አንድ ገበሬ የነጂዎችን ቃል ያስተምረዋል፤ የኛ ነጋዴ «መጭ!» እንደሚለው ያለ ቃል ነው። ባደረበት ቤት ያለው ሰውዬ ደግሞ መውጊያ ሠርቶ ይሰጠዋል። መጨረሻ ላይ አህያይቱን ከነኮርቻዋ በ35 ፍራንክ ሸጦ በሠረገላ ሲሳፈር፣ ያን ሁሉ ቀን ያማረረችው እንስሳ ትዝ ትለውና ያለቅሳል።

ይህን ያነሣነው ለልቅሶው ብለን አይደለም። የልቅሶውን መንገድ ቀደም ብሎ ማዘጋጀቱን ለማሳየት ነው። አህያይቱን የሸጠለት ሽማግሌ ከብቱን በመደብደብ የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ሲለያት ግን በጉንጩ ላይ እንባ እንደ ወረደ ደራሲው በመጀመሪያው ምዕራፍ ጽፎልናል። በዚያን ጊዜ እንስቃለን። በመጨረሻው ምዕራፍ ተራው የደራሲው ሲሆን ግን የምንስቅበት ሰው ማን እንደ ሆነ እንጠራጠራለን። ስቲቨንሰን ስሜቱን በረጅም ቃል አያብራራም፤ የገዛበትንና የሸጠበትን ዋጋ ነግሮን ያልፋል። ብሩስ ግን በግሽ ያደረበትን ኀዘን ሲፈላሰፍበት ገጹን ያበዛዋል፤ የመጽሐፉም ደካማ ቦታ ይኸው ነው።

ስለ ጥቃቅን ነገር በምንጽፍበት ጊዜ ይህ ልዩነት ሊረሳ አይገባም። በዛሬ ጊዜ የሚወጡት ብዙዎቹ የጉዞ ጽሑፎች ሹምና ሕንፃ መቍጠሩን ትተዋል፤ በምትኩ ግን ጸሐፊው ምን እንደ በላ፣ ፀሓይ ስትጠልቅ ልቡ እንዴት እንደ ተነካ ይተርካሉ። ይህም ጥቃቅን ነገር ነው ይባል ይሆናል፤ ግን አይቆይም። እኛ እንደሚመስለን፣ ከመንገድ ነገር የሚቆየው ሌላ ሰው የገባበት ነው። መቀነቱ የቆየው የወልዶ ተንኮል ስላለበት ነው፤ የስቲቨንሰን መውጊያም የቆየው ያልተጠየቀ ሰው አስቦ ስለ ሠራው ነው። ጸሐፊው ብቻውን ከፀሓይቱ ጋር የቀረበት ገጽ ግን ከሌላው ጸሐፊ ገጽ አይለይም።

አሁን ወደ ራሳችን መጻሕፍት እንመለስ። ከቀደሙት የአማርኛ ደራሲዎች መካከል ስለ ጉዞ አብዝተው የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የልዕልት ወይዘሮ መነንን የኢየሩሳሌምና የምስር ጉዞ ጽፈዋል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ያደረጉትን ጉዞ «ደስታና ክብር» በሚል ስም ተርከዋል፤ እሳቸው ራሳቸው መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ካዩ በኋላም በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳትመዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አቀባበሉ፣ የመንግሥቱ ሥራት፣ የፋብሪካውና የትምህርት ቤቱ ነገር በሚያምር አማርኛ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛውን ወሬ ግን የሚፈልግ አንባቢ እጅግ መታገሥ አለበት።

በዚህ እሳቸውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለንም። ኅሩይ የሄዱት ለራሳቸው አልነበረም። ያላየው ሕዝብ ዓይን ሆነው ነው የሄዱት። ያን ጊዜ የአማርኛ አንባቢ ስለ ጃፓን ሊያውቅ የሚሻው፣ አንድ የምሥራቅ አገር ነጻነቱን ጠብቆ እንዴት ሊሠለጥን እንደ ቻለ ነበር። ይህን ለመሰለ አንባቢ በመርከቡ ላይ አንድ ማታ ከማን ጋር ምን እንደ ተጫወቱ መንገር፣ የመንግሥትን ወረቀት ለግል ጉዳይ እንደ ማዋል ያለ ነውር መስሎ ታይቷቸው ይሆናል። ጨዋነታቸው ግን ዋጋ አስከፍሎናል። ያን ያህል ሳምንት በባሕር ላይ የተቀመጠ፣ ያን የመሰለ አስተዋይ ሰው ለቤተ ሰቡ የሚያወራው ነገር አጥቶ አይደለም። ብላቴን ጌታ በ1931 ዓ.ም. መስከረም በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሲያርፉ፣ ሁለተኛው ወሬ አብሯቸው ሄደ። የመጀመሪያው ወሬ ዛሬ በማናቸውም የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ የሄደውን ግን ማንም ሊተካው አይችልም።

የሚያስገርመው ነገር፣ ከዚያ አስቀድሞ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ለሁለተኛው ወሬ በር ከፍተውለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተሙት በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የመንገደኛ መምሪያ ለውጭ አገር ሰው ቋንቋ ማስተማሪያ ተብሎ የተጻፈ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ የተሠራው በንግግር ስለ ሆነ፣ መንገደኛው ይጠይቃል፣ ያገሩ ሰው ይመልሳል፤ በመልሱም ውስጥ የወታደሩና የባላገሩ ኑሮ፣ ምሬቱ ሳይቀር፣ ይወጣል። ደራሲው የጉዞ ድርሰት እጽፋለሁ ቢሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ከብዕራቸው ላይ ይወጣ እንደ ሆነ እንጠራጠራለን። ሁለት ሰው ማነጋገር ነበረባቸውና ሁለተኛው ሰው ገባ።

ለዚህ ድህነት ቋንቋችን ተጠያቂ አይደለም። «መሸብኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ከደጅ የሚቆም፣ «የእግዜር እንግዳ» ተብሎ የሚገባ፣ እግሩን የሚታጠብ፣ ጧት ስንቅ ይዞ እስከ ወንዙ የሚሸኝ መንገደኛ ያለበት አገር የጉዞ ነገር ሊያጣ አይችልም። ጉድለቱ ብዕር በተነሣ ጊዜ የሚመጣ ነው፤ የሚጀምረውም ከትምህርት ቤት ይመስለናል። ተማሪው «ያደረግሁት ጉዞ» በሚል ርእስ ድርሰት ጻፍ ሲባል፣ «ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሣን» ብሎ ጀምሮ «በሰላም ወደ ቤታችን ተመለስን» ብሎ ይፈጽማል። በመካከሉ የአውቶቡሱ ረዳት ከአንዲት ባልቴት ጋር ስለ ፍየሏ ሒሳብ የተከራከረውን ቢጽፍ፣ መምህሩ በቀይ ቀለም «ከርእስ ወጥተሃል» ይለዋል። ያ ተማሪ አድጎ ሹም ሲሆን የመስክ ሪፖርቱን በዚያው መልክ ይጽፋል። (በሪፖርት ውስጥ የሚተርፍ የግል ነገር ቢኖር የውሎ አበል ብቻ ነው።)

ይህን ስንል ራሳችንን ነጻ አናወጣም። በ1978 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤት ሥራ ወደ ጎጃም ስንሄድ፣ ከጎሐ ጽዮን ወርደን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ ወደ ደጀን በሚወጣው ዳገት ላይ ላንድ ሮቨራችን ሞቀና ቆመ። ሞተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ልጅ ቆሎ በስኒ እየሰፈረች መጣች። ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር። እኛ የያዝነው የ10 ብር ኖት፣ እሷም መልስ የላት። ትተን ልንመልስላት ስንል፣ «ግድ የለም፣ ስትመለሱ ትሰጡኛላችሁ» ብላ በእጃችን ላይ ገለበጠችልን፤ ወደ ዳገቱም ተመልሳ ሄደች። ሥራችንን ስንፈጽም ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ተመለስን። የጻፍነው ሪፖርት 14 ገጽ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ፣ የክፍሉና የመቀመጫው ብዛት ሁሉ ተዘርዝሮበታል። ዛሬ ከዚያ ቍጥር አንዱን እንኳ አናስታውስም።

በ2001 ዓ.ም. በዚያው ሸለቆ ውስጥ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ በኋላ በአውቶቡስ በዚያ አልፈናል። መኪናው ብርቱ ስለ ነበረ ዳገቱን ሳይቆም ወጣው። መስኮቱን ከፍተን ድንጋዩን ፈለግን፤ ሁሉም ድንጋይ ያንኑ ይመስላል። ቆሎው ሽምብራ የተቀላቀለበት ገብስ ነበር።