ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ወይስ ማሳያ ትምህርት ቤት?
የትምህርት ምርምርና የወረዳ መማሪያ ክፍል ግንኙነት ሲገመገም

የትምህርት ምርምር ከመማሪያ ክፍል ርቆ የሚካሄድ ከሆነ ውጤቱ ለመምህሩ ባዕድ፣ ለተማሪውም ፋይዳ ቢስ ይሆናል የሚለው አስተያየት በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ አዲስ አይደለም። ይህን ርቀት ለማጥበብ ሲባል በልዩ ልዩ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየው አንዱ መንገድ ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነው። ይኸውም ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከመምህራን ማሠልጠኛ ጋር የተያያዘ፣ ሕፃናት በመደበኛነት የሚማሩበት፣ ነገር ግን አዳዲስ መጻሕፍትና የማስተማሪያ ዘዴዎች ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ከመሠራጨታቸው በፊት የሚፈተኑበት ትምህርት ቤት ማለት ነው። የሐሳቡ በጎነት አያከራክርም። ሊመረመር የሚገባው ግን ሐሳቡ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ትምህርት ቤቱ የት እንደ ቆመና ለማን እንደ ሠራ ነው።

የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ስመ ጥር አብነት ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በጥር 1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ነው። ዲዊ የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ ትምህርት ያለ ቤተ ሙከራ እንደማይሟላ ሁሉ የሥነ ትምህርት ጥናትም ንድፈ ሐሳቡን የሚፈትንበት ሕያው ቦታ ያስፈልገዋል ሲል ተከራከረ። ሥራው በ16 ሕፃናትና በ2 መምህራን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1902 ወደ 140 ተማሪዎች፣ 23 መምህራንና 10 ረዳቶች ደረሰ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ቁጥሩን ሊያሰላ ይገባል፤ ለአንድ መምህር የሚደርሱት ሕፃናት ስድስት ገደማ ናቸው። ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1904 ከቺካጎ ለቀቀ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ሠራተኞች ልጆች የሆኑበት፣ በክፍያ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በዚያ የተገኘው ዕውቀት ጥልቅ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ስድስት ሕፃናት ይዞ የተሳካ ዘዴ አምሳ ሕፃናት ለያዘ መምህር ይሠራ እንደሆነ ትምህርት ቤቱ በራሱ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አልነበረም።

በጃፓን ያለው ልምድ ከዚህ በአንድ ነገር ይለያል። በዚያ አገር ከብሔራዊ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተያያዙ ትምህርት ቤቶች በየጊዜው በራቸውን ለሌሎች መምህራን ይከፍታሉ። መምህራን አንድን ትምህርት በጋራ ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ይመለከታሉ፤ ከዚያም ተማሪው ምን እንደ ገባውና የት እንደ ተደናቀፈ ይወያያሉ። ከእነዚህም ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸውን መርጠው ስለሚቀበሉ ከነቀፌታ አያመልጡም። ይሁን እንጂ የምርምሩ ውጤት ከመምህር ወደ መምህር የሚሸጋገር መሆኑ በመጽሔት ብቻ ከሚታተመው ይልቅ ዕድሜው እንዲረዝም አድርጎታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጎልቶ የሚታወሰው በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ በውጤታቸው ብልጫ ያሳዩ የ2ኛ ደረጃ ተማሪዎች እየተመረጡ ወደዚህ ትምህርት ቤት ይመጡ ነበር። ለአገር የሚጠቅሙ ምሁራን እንደ ወጡበት አይካድም። በላቦራቶሪነቱ ሲመዘን ግን አንድ መሠረታዊ ጉድለት ይታይበታል። ከቦረና አውራጃ የተገኘ ጎበዝ ተማሪ ወደ ላቦራቶሪው ይሄድ ነበር እንጂ ላቦራቶሪው ወደ ቦረና አይመጣም ነበር። ከምርጦች መካከል የተመረጠ ተማሪ በማናቸውም ዘዴ ቢያስተምሩት ይማራልና የዘዴው ብቃትና የተማሪው ብቃት ተለይተው ሊታወቁ አይችሉም።

ይህን ነጥብ የወሎ ገበሬ ከትምህርት ባለሙያው አስቀድሞ ያውቀዋል። በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ጥሩ ያፈራ ዘር በለጋምቦ ውርጭ እንደዚያው ያፈራል ብሎ የሚያምን ገበሬ የለም። ስለዚህ ዘሩ በተለያየ ከፍታ፣ በገበሬው በራሱ ማሳ፣ በገበሬው በራሱ በሬ መሞከር አለበት። ከዚህ ሙከራ በኋላ የሚመጣው ሠርቶ ማሳያ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ የታወቀን ነገር ያሳያል እንጂ ያልታወቀን አይፈትንም። በትምህርት ዘርፍ ግን ሁለቱ ሲምታቱ ኖረዋል። ዛሬም በየወረዳው «ሞዴል» ተብሎ የሚመረጠው ትምህርት ቤት የተሻለ ሕንጻ፣ የተሻለ ቤተ መጻሕፍትና የተሻለ ርእሰ መምህር ያለው ነው። ለጉብኝት ይመቻል። ለምርምር ግን የማይመችበት ምክንያት ይኸው ምቾቱ ነው።

ሳይፈተን የተሠራጨ ነገር የሚያስከትለውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ወደ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው በፕላዝማ የሚሰጥ ትምህርት ከማዕከል በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። መምህሩ ሥርጭቱን ሊያቆመው ወይም ሊደግመው አይችልም፤ ተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ ስክሪኑ ወደሚቀጥለው ርእስ ያልፋል፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። እነዚህን ሦስት ችግሮች ለማወቅ ታላቅ ጥናት አያሻም ነበር፤ አንድ ተራ የወረዳ ትምህርት ቤት በአንድ ወሰነ ትምህርት ሊያሳያቸው ይችል ነበር።

በሌላ በኩል መለካት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን የሚያስታውስ ምሳሌም አለ። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ችሎታ ጥናት በ2ኛ ክፍል ከተፈተኑት ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። ይህ ቁጥር የበሽታውን ክብደት ነገረን። መምህሩ ግን ሰኞ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት አልነገረውም። 231 የፊደል ገበታ ሆህያትን በተለመደው ቅደም ተከተል ማስተማር ይሻላል ወይስ ሕፃኑ በንግግሩ አዘውትሮ ከሚጠቀምባቸው ቃላት መነሣት? ሳድስን ከግዕዝ ለይቶ ለማንበብ የሚቸገረውን ልጅ በአምሳ ተማሪዎች መካከል እንዴት መርዳት ይቻላል? እነዚህ በመማሪያ ክፍል የተወለዱ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ከዚያው መገኘት አለበት።

በ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ሲሻሻል ተግባራዊ ምርምር የሥልጠናው አካል የሆነው ለዚሁ ነበር። ዓላማው ተገቢ ነው። አፈጻጸሙ ግን በብዙ ቦታ ወደ ወረቀት ሥራ አዘንብሏል። መምህሩ ለሥራ አፈጻጸም ምዘናና ለደረጃ ዕድገት ሲል በዓመቱ መጨረሻ አንድ ጥራዝ ያቀርባል፤ ጥራዙ ይመዘገባል፤ ከመዝገብ ቤት መደርደሪያም አይወርድም። በጎረቤት ቀበሌ ያለው መምህር በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጥፋቱ የመምህሩ አይደለም፤ ጽሑፉን የሚያነብ፣ የሚያነጻጽርና ወደ ክፍል የሚመልስ አካል አልተዘጋጀለትም።

እንግዲህ ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት በወግዲ ቢቋቋም ምን ሊመስል ይችላል? ወረዳው ከደጋው አንሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ በመሆኑ በአንድ አስተዳደር ሥር የተለያየ የአኗኗር ሁኔታ ይገኝበታል። በአዝመራ ወራት ልጆች ከክፍል የሚቀሩበት ጊዜ በደጋና በቆላ አንድ አይደለም። ስለዚህ አንድ የተዋበ ትምህርት ቤት ከመሥራት ይልቅ ሦስት ወይም አራት ያሉ ትምህርት ቤቶችን፣ አንዱን ከወረዳው ከተማ፣ ሌሎቹን ከደጋውና ከቆላው ጫፍ መምረጥ ይበጃል። የጉድኝት ማዕከላት አስቀድመው ስላሉ መምህራኑን የሚያገናኝ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ልምድ አለው፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በመካነ ሰላም ግቢ ስላለው በቀድሞው ቦረና አውራጃ ትምህርት ቤቶችና በከፍተኛ ትምህርት መካከል የነበረው ርቀት ቢያንስ በመንገድ ረገድ አጥሯል።

ለዚህ ሥራ አራት ግዴታዎች ሊጣሉበት ይገባል። አንደኛ፣ ጥያቄው ከመምህራን ይምጣ፤ ለዓመቱም አንድ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ወረዳው በራሱ በጀት ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊያዳርሰው የማይችለው ነገር ለሙከራ ትምህርት ቤቱ አይሰጥ፤ ከተሰጠ ትምህርት ቤቱ ተራነቱን ያጣል፤ ውጤቱም ከበሩ አይወጣም። ሦስተኛ፣ ተመራማሪ የሆነው መምህር ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው የተወሰነው ይቀነስለት፤ ያለዚያ ምርምሩ ተጨማሪ ሸክም ብቻ ይሆናል። አራተኛ፣ ውጤቱ ያልተሳካውም ጭምር በአጭር አማርኛ ተጽፎ ከሚቀጥለው መስከረም በፊት ለመምህራን ይድረስ። ውድቀቱን የሚደብቅ ላቦራቶሪ ማሳያ እንጂ ላቦራቶሪ አይደለም።

የሚቀርበው ብርቱ ተቃውሞ የገበሬ ልጆች መሞከሪያ ሊሆኑ አይገባም የሚለው ነው። ተቃውሞው ክብር ይገባዋል፤ ወላጆች ሳይጠየቁና ሳይስማሙም ምንም መጀመር የለበትም። ነገር ግን በአንድ መመሪያ ለመላው አገር የሚወርድ ያልተፈተነ ዘዴም ሙከራ ነው። ልዩነቱ የተሞከረባቸው ልጆች ብዛት መቶ ሳይሆን ሚሊዮን መሆኑና ውጤቱን የሚመዘግብ አለመኖሩ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ሁለት ሦስት ዓመት የባከነበትን ልጅ በስንተኛ ክፍል ማስቀመጥ፣ ከየት መጀመርና በምን ያህል ጊዜ ማድረስ እንደሚቻል የሚነግር መጽሐፍ በመምህሩ እጅ የለም። ከቺካጎም ሆነ ከቶኪዮ ሊመጣለት አይችልም። መልሱ ሊገኝ የሚችለው እንዲህ ያሉ ልጆች ተመልሰው በሚቀመጡበት ክፍል፣ የዕለቱን ውጤት እየመዘገበ በሚያስተምር መምህር ነው። ዕቅድ አውጪዎች የሚጠበቅባቸው ያ መዝገብ እንዲነበብ ማድረግ ነው።