በቤት ኮምፒውተር የሚነበብ መዝገበ ዕውቀትና የደብረ ታቦር ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቤት ኮምፒውተር ላይ የሚነበበው መዝገበ ዕውቀት፣ ማለት ኢንሳይክሎፔዲያ፣ የደብረ ታቦርንና የአካባቢዋን ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ምን ያህል እንደሚረዳ መመርመር ነው። ምርመራው አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት፣ ከመካከላችን ብዙዎች ለመምህር የሚቀርብ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ «ኮምፒውተሩ እንዲህ ይላል» የሚለውን ቃል እንደ መጨረሻ ምስክር እየቆጠሩት ስለ ሄዱ ነው። ምስክር ግን ቃሉ ከመጻፉ በፊት ይጠየቃል፤ ከወዴት መጣህ፣ መቼ አየህ፣ ማን ነገረህ ይባላል።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ይገባል። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኤንካርታ» የተባለውን መዝገበ ዕውቀት በ1993 እ.ኤ.አ. በሲዲ አወጣ። ጽሑፍን ከሥዕል፣ ከድምፅና ከተንቀሳቃሽ ፊልም ጋር አንድ ላይ ስለ ሰጠ በብዙ አገር ተወደደ። በ1999 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ክዋሜ አንቶኒ አፒያ ያዘጋጁት «ኤንካርታ አፍሪካና» ተከተለው፤ ይህም ዱ ቦይስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ሊቅ ከብዙ ዘመን በፊት ያሰበውና ሳይፈጽመው በ1963 እ.ኤ.አ. የሞተው ሐሳብ ነበር። ኤንካርታ ራሱ በ2009 እ.ኤ.አ. ቀረ። ዛሬ ቦታውን የያዘው በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ውክፔዲያ ሲሆን፣ «ኪዊክስ» በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ያለ ኢንተርኔት በቤት ኮምፒውተር ላይ ሊነበብ ይችላል። የእንግሊዝኛው ክፍል ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ቦታ ይፈጃል፤ ሥዕል የሌለው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

የዚህ ነገር ጥቅም በአገራችን እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፣ መጽሐፍ ቤት ለራቀው ተማሪ የቀረለት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። እንግዲህ ያ ያለው ነገር ምን ዓይነት እንደ ሆነ መጠየቅ የሚገባን ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የማግኘት ችግር ነው። በመጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ገጽ ሲገልጥ ጎረቤቱን ቃል ያያል፤ ኮምፒውተር ግን የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ይፈልጋል። የንጉሥን ማዕረግ አንዱ «ዓፄ»፣ ሁለተኛው «ዐፄ»፣ ሦስተኛው «አጼ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ለጆሯችን አንድ ናቸው፣ ፊደላቱን አንድ አድርጎ እንዲያይ ላልተሠራ መሣሪያ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። በላቲን ፊደልም ቢሆን የከተማችን ስም ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጸሐፊ «ደብሬ»፣ ሌላው «ደብራ»፣ ሊቃውንት ደግሞ በፊደሉ ላይ ነጥብ እየጨመሩ ይጽፉታል። ጋፋት ብሎ የፈለገም የዓፄ ቴዎድሮስን የመድፍ መሥሪያ መንደር ሲጠብቅ፣ በዓባይ ሸለቆ አካባቢ ይነገር የነበረውንና ዛሬ የጠፋውን የጋፋት ቋንቋ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ «የለም» የሚለው የኮምፒውተር መልስ፣ ነገሩ አለመኖሩን ሳይሆን በዚያ ፊደል አለመገኘቱን ብቻ ያስረዳል።

ሁለተኛው የዘመን ችግር ነው። ኤንካርታ ከ2009 እ.ኤ.አ. በኋላ የሆነውን አያውቅም። የደቡብ ሱዳንን ነጻነትም ሆነ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓባይን ግድብ አንባቢ በዚያ ቢፈልግ በከንቱ ይደክማል። ከዚህ የከፋው ግን የዘመን አቆጣጠር መደባለቅ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጋፋት የተሠራው በ1867 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የተነሡትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን የመጀመሪያው በ1859 ዓ.ም. ሲሆን ሁለተኛው በ1860 ዓ.ም. ነው፤ በመካከላቸው መስከረም ገብቷልና። ወሩን ሳይመለከት ከሁሉም ላይ ስምንት የሚቀንስ ተማሪ ንጉሡን አንድ ዓመት አስቀድሞ ያስነሣቸዋል፤ ምንም ሳይቀንስ «በ1867 ዓ.ም.» ብሎ የሚገለብጥም በመቅደላ ከሞቱ ከሰባት ዓመት በኋላ መድፍ ያሠራቸዋል።

ሦስተኛው ችግር የመልሱ ቅርጽ ነው። መዝገበ ዕውቀት ለማሳጠር ሲል ነገሩን በሰንጠረዥ ይከፍለዋል፤ ስለ ጦርነትም ቦታ፣ ቀን፣ አሸናፊ ብሎ ይመድባል። በ1834 ዓ.ም. የተደረገውን የደብረ ታቦርን ጦርነት እንውሰድ። ደጃዝማች ውቤ የራስ አሊን ጦር ድል መቱ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ነገር ግን ውቤ በድላቸው ደስ ብሏቸው ሳሉ፣ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ማረኳቸው። አሸናፊው ማን ነው? በአንድ ሣጥን ውስጥ አንድ ስም ብቻ ከተጻፈ፣ የቱም ቢጻፍ ግማሹ ታሪክ ይጎድላል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንቶቻችን አንዱን ፍቺ ሰጥተው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላውን ይጨምራሉ፤ ሰንጠረዡ የጎደለው ይህ «አንድም» ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የምንጭ ችግር ነው። ስለ ጋፋት የተጻፈው አብዛኛው የመጣው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን ከመሳሰሉት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ነው፤ እነርሱ ያዩትን ጽፈው አሳተሙ። ከእነርሱ ጋር እሳት ያነደዱት፣ ብረት ያቀለጡት፣ መድፉንም በገመድ ተራራ ያወጡት ያገር ልጆች ግን ስማቸው ከታተመው መጽሐፍ ስላልገባ ከኮምፒውተሩም አልገባም። እንዲሁም አለቃ ገብረ ሐና የጀመሩትና በልጃቸው ስም የተጠራው የተክሌ አቋቋም ዋና ቦታው ደብረ ታቦር ነው። መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ፣ ጸናጽሉና ከበሮው ሲተባበሩ በጽሑፍ ብቻ ሊገለጽ አይችልም። ድምፅና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያለው መዝገብ ከመጽሐፍ የሚበልጠው በእንዲህ ያለው ነገር ነበር።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «እነዚህ መዝገቦች እኮ በሊቃውንት ተመርምረው ታማኝ ሆነው ተገኝተዋል» ይል ይሆናል። በርግጥ «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት በ2005 እ.ኤ.አ. 42 የሳይንስ ርእሶችን አስመርምሮ በውክፔዲያ በአማካይ አራት፣ በብሪታኒካ ሦስት ያህል ስሕተት እንደ ተገኘ አትሟል። ይህ ግን የተጻፈውን ስሕተት ቆጠረ እንጂ ያልተጻፈውን አልቆጠረም። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ርእሶች ሲኖሩት፣ የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ብቻ አሉት፤ የእኛ ጉዳት ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ስለ አገራችን በጀርመን አገር ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው «ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ» ከእያንዳንዱ ርእስ በታች የጸሐፊውን ስምና የመረጃውን ምንጭ ያሳያል፤ በኮምፒውተር የምናነበውንም በዚህ ሚዛን ልንመዝነው ይገባል።

በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማረ ሰው ማንም እንዲሁ አያምነውም፤ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ያስመሰክራል። እኛም ከኮምፒውተር የቀዳነውን በመጽሐፍና በአዋቂ ሰው ፊት ሳናስመሰክር ለመምህር ባናቀርብ መልካም ነው፤ የታተመበትን ዓመትና የተከተለውን አቆጣጠርም ከጽሑፋችን ጋር ብንገልጽ። ከዚህም ሌላ ውክፔዲያ ለማንም ጸሐፊ የተከፈተ ስለ ሆነ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከጋይንት፣ ከእስቴና ከፎገራ የመጣን ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ርእስ ይዘን፣ ሽማግሌ ጠይቀን፣ ከመጽሐፍ አመሳክረን በአማርኛ ብንጽፍ የጎደለው መሙላት ይጀምራል። መምህራኖቻችንም ይህን ሥራ እንደ አንድ የጥናት ጽሑፍ ቆጥረው ቢያርሙልንና ማርክ ቢሰጡበት፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች የሚተርፍ ነገር ይሆናል።