እንጉዳይና ውሃ፦ ከቢላዋ እስከ መጥበሻ

እርጥብ እንጉዳይን፣ ማለትም ያልደረቀውንና ያልታሸገውን፣ ለማብሰል በሚደረገው ዝግጅት የምግብ ባለሙያዎችን ከሁሉ ይልቅ ሲያከራክር የኖረው የውሃ ነገር ሲሆን፣ ብዙ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት እንጉዳይ ውሃ ስለሚመጥ ፈጽሞ ሊታጠብ እንደማይገባና በጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ መጠረግ ብቻ እንደሚበቃው ያስተምራሉ። አሜሪካዊው የምግብ ሳይንስ ጸሐፊ ሃሮልድ ማክጊ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ እንጉዳይን ነክሮ በመመዘን የሚመጠው ውሃ እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይቷል። ከእርጥብ እንጉዳይ ክብደት 90 በመቶ ያህሉ ቀድሞውንም ውሃ ስለሆነ፣ መጥበሻ ላይ የሚያቁረው ፈሳሽ ከሞላ ጎደል የራሱ ነው።

ጉዳት የሚያደርሰው ታጥቦ ማደሩ ነው። በገጹ ላይ የቀረው እርጥበት ባክቴሪያ ስለሚያራባ እንጉዳዩ ይሙለጨለጫል፤ በእጥበት ጊዜ የተጨፈለቀው ክፍልም ኢንዛይሞች፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ ከአየር ጋር ሲገናኙ በሚፈጥሩት ለውጥ ይጠቁራል። ስለሆነም ከገበያ የመጣ እንጉዳይ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ሆኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በፌስታል ታስሮ በላቡ እንዲርስ አይተውም፤ የሚታጠበውም ምጣዱ ሊጣድ ሲል ነው።

የአጸዳዱ ስልት እንጉዳዩ በበቀለበት ነገር ይወሰናል። ነጩና ክቡ እንጉዳይ በብስባሽ ላይ፣ አፈር መሰል ልባስ ተደርጎለት ስለሚያድግ፣ የእግሩ ጫፍ በስሱ ተቆርጦ በሚወርድ ውሃ ፈጠን ብሎ ይለቀለቅና ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ቆቡ ተከፍቶ ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩት ስስ ገጾች ከታዩ ግን ውሃ በመካከላቸው ስለሚቀር፣ ቆቡን ወደ ላይ አድርጎ ማጠብና ማራገፍ ያስፈልጋል። የቆቡን ልጣጭ መላጥ፣ አንዳንዶች ለንጽሕና ብለው ቢያደርጉትም፣ ብክነት ነው።

ኦይስተር የሚባለው፣ በኢትዮጵያም የሚመረተው ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት በታከመ ጭድ ላይ ስለሚበቅል አፈር አያውቀውም። ዘለላው በእጅ ተይዞ፣ ሁሉም እግሮች የሚገናኙበትና ጭድ የሚጣበቅበት ደንዳና እምብርት በቢላዋ ከተነሣ በኋላ፣ እያንዳንዱ ቆብ ከጠርዙ ወደ እግሩ በቃጫው መሥመር በጣት ይተለተላል። እምብርቱን ይበስላል ብሎ መተው አያዋጣም፤ የእንጉዳይን ሕዋስ ግድግዳ የሚያጠነክረው ካይቲን፣ በነፍሳት ቅርፊት ውስጥም የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ ሙቀትን ስለሚቋቋም ረጅም እሳት ደንዳናውን ክፍል እምብዛም አያላላውም።

ከምስጥ ኩይሳ የሚበቅለው እንጉዳይ ደግሞ ሥር የሚመስለው ረጅም እግሩ ከመሬት ውስጥ ካለው የምስጥ ጎጆ ስለሚነሣ፣ ጭቃው በቢላዋ ተፍቆ በውሃ ደጋግሞ መታጠቡ ግድ ነው። በዚህ ላይ ብሩሽ ይበቃል ማለት አሸዋ ማኘክን መምረጥ ነው።

ለጾም ጥብስ ሽንኩርትን አስቀድሞ ማቁላላት የተለመደ ቢሆንም፣ እንጉዳዩ የሚለቀው ውሃ ሽንኩርቱን ስለሚቀቅለው፣ እንጉዳዩን ብቻውን በሰፊና በጋለ መጥበሻ ሳያጨናንቁ አስቀድሞ ውሃውን ማስጨረስ፣ ከዚያም ዘይቱንና ሽንኩርቱን ማስከተል የተሻለ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ማንነቱ በእርግጠኝነት ለታወቀ እንጉዳይ ብቻ ነው። በሜዳ የሚታየውን የጅብ ጥላ ሁሉ በማጠብም ሆነ በመቀቀል ለምግብ ማብቃት አይቻልም፤ አማኒታ ፋሎይደስ የተባለው ዓይነት የያዘው ጉበትን የሚያጠፋ መርዝ በመብሰል አይጠፋም፣ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። የማይታወቅ እንጉዳይ ከበላ በኋላ የሚያስመልሰው ወይም የሚያስቀምጠው ሰው፣ ለጊዜው ቢሻለውም እንኳ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ሊሄድ ይገባል።