ስልክ የሌለበት ነፃነት

«ብላክ ሚረር» ላይ «ኖዝዳይቭ» የሚለውን ክፍል ያየሁት በወጣበት ሰሞን፣ በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከጓደኛዬ በፍላሽ ገልብጬ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ነው፤ የሞባይል ዳታ ተዘግቷል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ ያገኘውን ሰው በስልኩ ከ5 ነጥብ ይሰጠዋል። ሌሲ 4.2 አላት፤ የተመኘችውን ቤት በቅናሽ ለመከራየት 4.5 ያስፈልጋታል። ለዚህ ስትል ለማያስቀው ሁሉ ትስቃለች። መጨረሻ ላይ ታስራ፣ ስልኳን ተነጥቃ፣ ፊት ለፊቷ ካለው እስረኛ ጋር እየተሰዳደቡ ደስ ይላቸዋል። ነፃ ወጣች ማለት ነው።

ያኔ ይሄ አጨራረስ አናደደኝ። ስልክ ማጣት ነፃነት የሚመስለው ዳታ ተዘግቶበት ለማያውቅ ሰው ነው። እኛ ዳታው ሲጠፋ ማንንም በነፃነት አልተሳደብንም፤ አገሩ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ የምንሰማው በሹክሹክታ ነበር።

ዳታው ሲመለስ ግን ራሴን ታዘብኩ። ስለ ፖለቲካ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ፣ «ማን ምን ይለኛል» ብዬ አጠፋዋለሁ፣ በምትኩ የማኪያቶ ፎቶ እለጥፋለሁ። ላይኩ ይጎርፋል።

ሌሲ የገባችኝ ያኔ ነው። አጨራረሱ ዛሬም አይዋጥልኝም። ያ የውሸት ፈገግታ ግን የኔም ነው።